አሥሩ የዓይን ነጥብ

ኖቬምበር 16

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ያለፈው ሁለት መቶ ገጽ ነበር፤ ድሮ ዓመት ያደርሰኝ የነበረው ዘንድሮ በሦስት ወር ተበልቶ አለቀ። ወረቀት የሚሠሩት ሰዎች ሳይናገሩ ገጹን እያሳነሱት ነው። እስክሪብቶውንም ከፀጉር አቅጥነውታል፤ ስለዚህ ካርቶን ላይ የሚጻፍበትን ወፍራሙን ማርከር ገዛሁ። ባለሱቁ እንደ አክስቱ ቆጥሮኝ «ማሺማ፣ ዕቃ ሊልኩ ነው?» አለኝ። አፍንጫህን ላስ አልኩት፣ በልቤ። በአፌ «አዎ ልጄ» አልኩ።

ኒታይ-ዳ ደወለ። ዳ ለታላቅ ወንድም የምንለው ነው፤ ኒታይ ቦክሺ ማለት «የክሪኬት ዓመት» የተባለውን መጽሐፍ ለሃያ ሰባት ዓመት ያሳተመ፣ በሃያ ሰባቱም ዓመት «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» ያለ ሰው ነው። መጽሐፉ በዓለም ላይ ለአገራቸው የተጫወቱትን ሁሉ ከመቶ ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛ የወጣው ኮልካታ መጥቶ በመጽሐፍ ትርኢቱ ላይ የብር ዋንጫ ይቀበላል። ከመቶው ዘጠናው በስሌት ነው፤ ስንት ሩጫ አስቆጠረ፣ ስንት ሰው አስወጣ፣ በማን ላይ፣ በምን ዓይነት ሜዳ። አሥሩ ግን የዓይን ነጥብ ይባላል። ስሌት የማይደርስበትን ውበትና ድፍረት አይቶ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ፣ ቢናፓኒ ሾማዳር፣ የሴቶች ትምህርት ቤት የሂሳብ አስተማሪ የነበርኩ።

ኒታይ-ዳ እንዲህ አለኝ፤ «ለዘጠናው አንዲት ልጅ ቀጥሬያለሁ። ኮምፒውተር አላት። አንቺ ምን አደከመሽ፣ አሥሩን ብቻ ስጪኝ።»

ሃያ ሰባት ዓመት መቶውንም በእርሳስ የሠራሁ ሴትዮ ነኝ። ዘጠናውን በአንድ የስልክ ጥሪ ወሰዱት። «ደግ አደረግህ» አልኩት። አሥሩን ግን አልለቅም።

ኖቬምበር 19

ናግፑር ከተማ፣ ሕንድ ከኒውዚላንድ፣ የጨዋታው ሁለተኛ ቀን። የእኛዎቹ ይመታሉ፣ ኒውዚላንዶች ሜዳ ላይ ተበትነው ኳስ ይጠብቃሉ።

ቴሌቪዥናችን ተበላሽቷል፤ ስዕሉ ጭጋግ ነው። ትናንት ሠሪ አስጠርቼ ነበር። ከፍቶ ዘጋው፣ ነካካውና «ደህና ነው» ብሎ ሄደ። ሌባ! ደግነቱ ቦሮዲ አለችልኝ። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነን። ክሪኬት ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ከእኔ ጋር ተቀምጣ የሩዝ ፈንድሻዋን፣ ሙሪዋን፣ እየቆረጠመች ታያለች። እኔ ጨዋታውን በጠቅላላ እከታተላለሁ፣ እሷ ዝርዝሩን ትነግረኛለች። የሥራ ክፍፍል ነው።

«ኳሷን ያዛት! ወይኔ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው!» ብላ ሙሪውን በተነችው።

«ማን ነው የያዛት?»

«አፍንጫው ነጭ የሆነው።»

ነጭ አፍንጫ ማለት ዳንካን ፊስክ ነው። ፀሐይ እንዳያቃጥለው አፍንጫውን በነጭ ቅባት ይለብጠዋል፤ ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማችን ሲጫወት በአቅርቦ ማያዬ አይቼዋለሁ።

«እንዴት አድርጎ ያዛት?»

«ወደ ኋላው እየሮጠ። ጀርባውን ሰጥቶ! ሸንቃጣ ነው እኮ፤ ቤንጋሊ ቢሆን ኖሮ ለጎረቤታችን ለሹማና ልጅ እናጨው ነበር።»

በአንድ ቀን ሦስት ኳስ ቀለበ። አንዷን ወደ ኋላ እየሮጠ፣ አንዷን በግራ እጁ፣ አንዷን በደረቱ ተኝቶ ከሣሩ ላይ ሦስት ጣት ከፍ ስትል። ኳሱ መሬት ሳይነካ የተቀለበበት መቺ ይወጣል፤ ሦስት አስወጣብን። ቦሮዲ ስትተርክልኝ እንባዬ መጣ። ከእነሱ ወገን መሆኑ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ውበት ውበት ነው።

ኖቬምበር 20

ቸኩያለሁ፤ ዓሣ ሻጩ በር ላይ ነው። ፊስክ — 10። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አሥር ከአሥር ሰጥቼ አላውቅም። ለፊስክ ይገባዋል።

ኖቬምበር 24

የኮምፒውተሯ ልጅ መጣች። ጂኑክ ሻርካር ትባላለች። ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ብርቱካን ብርቱካን ትሸታለች። ፊቷን ልብ አላልኩትም። ከዚህ ሥራ በኋላ አንድ ጋዜጣ በስፖርት ክፍሉ ሊቀጥራት ነው፤ የኒታይ-ዳን ምስክርነት ብቻ እየጠበቁ ነው አለች።

ዝርዝሩን አትማ አምጥታለች። «ቢና-ዲ፣ እስቲ ይመልከቱት» አለችኝ፤ ዲ ለታላቅ እህት ነው።

«መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ።»

«ግንባርዎ ላይ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። «አንቺው አንብቢልኝ፣ አነባበብሽን ልስማ» አልኳት፤ አስተማሪ ስለነበርኩ እንዲህ ማለት ይገባኛል። አነበበች። በስሌቱ አንደኛ የእኛው ኡዳይ ቶማር ነው፣ 85። ሁለተኛ ፊስክ፣ 81።

ቶማር! በየግድግዳው የፀጉር ቅባት ጠርሙስ ይዞ የሚስቅብን። ሲወጣ ሜዳውን የሚገላምጥ፣ ሲያስቆጥር የገዛ ክንዱን የሚስም። አራት ነጥብ ሰጠሁት። አራትም በዛበት። ድምር 89። ፊስክ 81 ላይ አሥር፣ 91። ዋንጫው የፊስክ ሆነ።

ለአንደኛው አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፤ ደንብ ነው። ስለ ሦስቱ የናግፑር ኳሶች የጻፍኩትን ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችውና ቆም አለች።

«እንዴት ያምራል! እዚያው ነበሩ እንዴ?»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አልኳት።

ኖቬምበር 28

ኒታይ-ዳ ሻይ ሊጠጣ መጣ አይባልም፤ ሊያለቅስ መጣ። የዋንጫው ደጋፊ የሞንጁሪ ሻይ ኩባንያ ነው፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ላሂሪ ደግሞ ቶማርን ይፈልጋል። ከተማው ቶማርን ይፈልጋል። የኒታይ-ዳ የልጅ ልጆች ቶማርን ይፈልጋሉ።

«ፊስክ ለብር ዋንጫ ብሎ ከኒውዚላንድ ድረስ ይመጣል? ባዶ መድረክ ላይ ለወንበር ልንሸልም ነው?»

«ይላክለታላ።»

«ቢና፣ ለቶማር ሰባት ብትሰጪው ምን ይጎድልብሻል?»

«ኒታይ-ዳ፣ ይህን ዓይን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። የስታዲየሙ የጋዜጠኞች ክፍል የሴት ሽንት ቤት የለውም ብለው ሲመልሱኝ፣ አቅርቦ ማያ ይዤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። አሁን ለሻይ ቅጠል ብዬ ዓይኔን ላጭበርብር?»

ሲወጣ ጫማዬን አድርጎ ሊሄድ ነበር። ራሴን በጣም ወደድኩት ዛሬ።

ዲሴምበር 9

ጠዋት ጂኑክ ደወለች።

«ቢና-ዲ፣ አንቀጹን እየተየብኩ ከውጤት ወረቀቱ ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር አልገባኝ አለ። የናግፑር ሁለተኛ ቀን፣ ሦስቱም ላይ ‹በተተኪ ተቀለበ› ይላል።»

«ማ?»

«ተተኪ። ፊስክ ያን ቀን ሜዳ ላይ አልነበረም። ሆዱን ታሞ ሆቴል ነው የዋለው። በእሱ ቦታ የገባው ኔድ ፓሪሽ የሚባል ነው።»

ተተኪ ማለት ውሃ የሚያመላልሰው ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ሲታመም ገብቶ ይቆምለታል፤ ኳስ መቅለብ ይችላል፣ መምታት አይፈቀድለትም። በማንም ስሌት ውስጥ አይገባም። ጨዋታው ውስጥ እያለ የሌለ ሰው ነው።

«ወረቀቱ ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ?»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እሺ ቢና-ዲ» አለች። እንዲህ ያለ «እሺ» ለተማሪዎቼ ወላጆች እኔ ራሴ እል ነበር።

ማታ

ቦሮዲ ወጥ ቤት ቆማ ባዶንጃን ትጠብሳለች። ሄጄ ጠየቅኋት፤ «ያኔ በናግፑሩ ጨዋታ፣ አፍንጫው ነጭ የሆነው ስንት ነበር?»

«እንዴት ስንት?»

«ስንት ሰው ነው አፍንጫውን የሚቀባው?»

«ሁለት ናቸው። አንደኛው መልከ ጥፉ ነው፤ ፂም ያለው። እሱ በመጀመሪያው ቀን ነበር፣ በሁለተኛው አላየሁትም። ኳሶቹን የያዘው ሸንቃጣው ነው።»

ፊስክ ፂም አለው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መቼ ጠየቅሽኝ? አብረን አይደለም እንዴ የምናየው?»

ባዶንጃኑ አረረ። እኔም ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አፍኜ የያዝኩትን አሥር ነጥብ አውጥቼ የሸለምኩት ሽንት ቤት ተቀምጦ ለዋለ ሰው ነው። አንቀጼ ደግሞ «ሰውነቱ ላባ ሆኖ» ይላል። ሰውነቱማ ላባ ሳይሆን አይቀርም፣ ሆቴል ሲያስመልሰው የዋለ! ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁ ሳቅሁና መሃል ላይ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ቦሮዲ ከበሩ ውጭ «ጉንፋን ነው?» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት።

ይህ ቴሌቪዥን ነው ጉድ የሠራኝ። ነገ ሌላ ሠሪ አስጠራለሁ።

ዲሴምበር 12

ለኒታይ-ዳ ደወልኩ። የፊስክን አሥር ወደ ስድስት ዝቅ አድርጌ እውነቱን ልናገር ነበር፤ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፌ ይዤዋለሁ። ስልኩን ሲያነሳ ግን ከአፌ የወጣው «ስሌቱ ላይ ስህተት ያለ ይመስለኛል» የሚል ነው።

«የት ጋ?»

«ፊስክ ጋ። ሰማንያ አንድ ሳይሆን ሰባ ሰባት ነው።»

ጮቤ ረገጠ። ሰባ ሰባትና አሥር ሰማንያ ሰባት፤ ቶማር በ89 አንደኛ! «አንቺ እኮ ከኮምፒውተር ትበልጫለሽ! እኔ ድሮም አልወደድኩትም ያን ማሽን!»

ማን ተሳሳተ አላልኩም። እሱም አልጠየቀኝም። አንቀጹን ስለ ቶማር ቀየርኩት፤ ስለ ክንዱ ጥንካሬ ጻፍኩ። የሚስመው እሱኑ አይደል።

ዋንጫው ትክክለኛው ሰው ጋ ደርሷል። የተጎዳ የለም።

ዲሴምበር 15

ሺያልዳ ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ከማሽኑ ወዲያ ሁለት ሠራተኞች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጅቷን አባረሯት አሉ።»

«መደመር አትችልማ። አራት ነጥብ! አሮጊቷ ናት የደረሰችባት።»

«የአሮጊቷ ዓይን አይጣል ነው።»

አሮጊቷ እኔ ነኝ መቼም።

ኒታይ-ዳን ጠየቅሁት። ሸኘኋት አለ። ከጋዜጣው ሲደውሉለትም እውነቱን ነግሯቸዋል፤ ትጉህ ናት፣ ነገር ግን ቁጥር አይታመንባትም ብሏል። «መዋሸት አልወድም» አለኝ ጭራሽ።

ወጣት ናት። ሌላ ታገኛለች።

ዲሴምበር 18

ብርድ ገባ። አሥራ አራት ዲግሪ ስለሆነ ከተማው በሙሉ የዝንጀሮ ቆቡን አጥልቆ እስከ አገጩ ተሸፍኗል፤ ሰው ከሰው አይለይም። ትራም ፌርማታ ላይ አንዱን «ኒታይ-ዳ!» ብዬ አቀፍኩት። ፖሊስ ነበር።

ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ቦሮዲ ማሰሮዎቹን ቦታ እያለዋወጠች ናት። «ዓይንሽን ታዪ» አለችኝ። ዓይኔ ምን ሆነ?

ወጣት ናት፤ ሌላ ታገኛለች።

ዲሴምበር 27

በፖስታ ወረቀት መጣ። አስቀድሜ ለቦሮዲ ልሰጣት ነበር፤ አላስፈለገኝም። እንደ እኔ በወፍራም ማርከር፣ ፊደሉ አውራ ጣት አክሎ ተጽፏል። ስድስት ገጽ ስሌት ነው፤ በእጅ የተሠራ፣ እያንዳንዱ የፊስክ ጨዋታ ተራ በተራ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፤

«ቢና-ዲ፣ ስድስት ጊዜ ደመርኩት። 81 ነው የሚመጣው። ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ ቢያሳዩኝ እማርበታለሁ። ጂኑክ።»

ምን ያለ ድፍረት ነው! ለሕፃን እንደሚጻፍ በትልልቅ ፊደል! አስተማሪ እኮ ነኝ እኔ።

ማታ ሙሉ ለሙሉ ተከታተልኩት። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ፤ እንዲህ የጠራ ሥራ ያየሁት ምናልባት ሁለት ጊዜ ነው። ቀይ ማርከር ቢኖረኝ ከግርጌው አሥር ከአሥር እጽፍበት ነበር። ነበር። አጥፌ ፍራሹ ሥር ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ይቆረቁራል፤ ስድስት ወረቀት እንዴት እንዲህ ይቆረቁራል?

ልመልስላት ይገባል። ምን ብዬ? «ስህተትሽ እኔን ማመንሽ ነው» ልበላት?

ጃንዋሪ 5

አልመለስኩላትም።

ጃንዋሪ 11

ዛሬም። ጉልበቴን ያመኛል። ጉልበት ሲያም መጻፍ አይቻልም።

ጃንዋሪ 20

መጽሐፉ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የቶማር ፀጉር አለ። ገጽ አርባ ላይ «ፊስክ፤ ስሌት 77፣ ዓይን 10» ይላል፤ ቦሮዲ አነበበችልኝ። ቁጥሩ እኩል ነው የተደረደረው፤ ውሸቱም እውነቱም አንድ ዓይነት ቀለም ነው የሚበላው።

አንድ የስፖርት ጸሐፊ ስለ እኔ ጽፏል። ኒታይ-ዳ በስልክ እየጮኸ አነበበልኝ፤ «የቢናፓኒ ሾማዳር ዓይን ባለፉት ሁለት ዓመታት ተአምር ሆኗል። ድሮ ደረቅ ነበር፤ አሁን ፍቅር የያዘው ሰው የሚያየው ይመስላል።»

ቦሮዲ ሙሪዋን እየቆረጠመች «ምን አለ?» አለች።

«ጥሩ ነው አለ።»

«ይበልሽ» አለችኝ። ቀናሁባት። በስድሳ ሦስት ዓመቴ ክሪኬት በማታውቅ ሴትዮ ቀናሁ።

ጃንዋሪ 31

ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ ልጻፈው።

የመጽሐፍ ትርኢቱ አቧራ ብቻ ነው። ሰው መጽሐፍ ሊገዛ ይመጣና የዓሣ ጥብስ በልቶ ይሄዳል። የእኛ መድረክ ግን ዛሬ ጢም ብሏል፤ ለቶማር ነው። ሴቶች ልጆች ይጮኻሉ። ቦሮዲ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የክት ልብሷን ለብሳ ቦታ ይዛለች። መብራቱ ፊት ለፊቴ ነው፤ እንደ ወተት የፈሰሰ ብርሃን።

ኒታይ-ዳ ሃያ ስምንተኛውን የስንብት ንግግሩን አደረገ። አቶ ላሂሪ ስለ ሻይ አወራ። ከዚያ «ዋንጫውን የምትሰጠው የዓይናችን ባለቤት፣ ቢናፓኒ ሾማዳር!» ተባለ። ዋንጫውን ታቅፌ ሄድኩ። ከባድ ነው። ፊት ለፊቴ ሰማያዊ ኮት ለብሶ የቆመ ረጅም ሰው አለ። ሰጠሁት። እጁን ጨበጥኩ። «ክንድህን ጠብቀው» አልኩት።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሰማያዊ ኮት የለበሱት ሁለት ነበሩ። ዋንጫውን የሰጠሁት ለአቶ ላሂሪ ነው።

ሰዉ ቀልድ መሰለው! ዋንጫውን ማን እንደሚወስድ የሚያዘው ባለ ሻዩ ነው ብላ ወጋችው አሉ። ያጨበጭባሉ፣ ያፏጫሉ። ኒታይ-ዳ በጆሮዬ «ድንቅ ነሽ! ያገኘው ዋጋውን ነው!» አለኝ። ቶማርም ከጎን ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ድኜ ነበር። አንዴ ፈገግ ብል፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄጄ ዋንጫውን ባዛውር፣ ነገ ጋዜጣው ምላሰ ስለታሟ ቢና ይለኝ ነበር።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ማይኩን በዳበሳ አገኘሁት።

«ቀልድ አይደለም» አልኩ። ባሰባቸው፤ ሳቁ ጨመረ። «ቀልድ አይደለም! አላየሁትም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል ደህና አድርጌ ካየሁ።»

አሁን ዝም አሉ።

«ገጽ አርባን አውጡ። ፊስክ ሰባ ሰባት ይላል። ውሸት ነው፤ ሰማንያ አንድ ነው። የሠራችው ጂኑክ ሻርካር ናት፣ አንዲት ቁጥር አልሳተችም። መደመር አትችልም ያላችኋት ሁሉ ስሟን ያዙ። የተሳሳተው አሥሩ ነው፤ አሥሩ የእኔ ነው። ኳሶቹን የቀለበው ኔድ ፓሪሽ የሚባል ተተኪ ነው። ፊስክ ያን ቀን ሽንት ቤት ነበር። ያየሁትም እኔ አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ ያየሁት!» አለች ቦሮዲ ከሦስተኛው ረድፍ። ደግሞም ተነስታ ቆመች አሉ።

ቶማር ቀረብ አለኝ። የፀጉር ቅባቱ ሸተተኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማሺማ፣ ታዲያ ይኼ ዋንጫ የእኔ ነው፣ አይደለም?» አለኝ።

«ያንተ ነው። በስሌት።»

«አራቷስ ነጥብ? እሷን ማን ሰጠኝ?»

«እኔ። ሳላይህ። ስድስቱን የቀነስኩብህ በፀጉር ቅባቱ ነው።»

«እናቴም አትወደውም» አለ። ከዚያ ክንዴን ይዞ በደረጃው አወረደኝ። ደረጃዎቹን አንድ ሁለት እያለ ቆጠረልኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ መሆኑ አናደደኝ።

ኒታይ-ዳ አላናገረኝም። ቦሮዲ በታክሲው ውስጥ እጄን ይዛ ሄደች። ስሟ በማይክ ሳይጠራ በመቅረቱ ትንሽ ቅር ብሏታል።

ፌብሩዋሪ 2

ኒታይ-ዳ ደወለ። ለጋዜጣው አዲስ ደብዳቤ ጽፏል፤ ቦታውን ግን ለሌላ ሰጥተውታል፣ ምናልባት ኤፕሪል ላይ ሌላ ይከፈት ይሆናል አሉት። በየመጽሐፉ ውስጥ የማረሚያ ወረቀት ሊለጠፍ ነው። «አሥሩን የመስጠቱን ሥራስ ከእንግዲህ ለማን ልስጥ?» አለኝ። ለምትፈልገው ስጥ አልኩት።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። ሁለቱም ዓይን ሞራ ነው የሚሆነው ትላለች ቦሮዲ። እሷ ደግሞ አሁን ሐኪም ሆናለች።

ፌብሩዋሪ 3

ጂኑክ መጣች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ረጅም አድርጌ አዘጋጅቼው ነበር፤ ስትቀመጥ ሁሉም ጠፍቶኝ «በደልኩሽ፣ አውቄ ነው» ብቻ አልኩ።

«ማየት እንደማይችሉ ገብቶኝ ነበር» አለች። «መነጽሩ ግንባርዎ ላይ ያለ ዕለት። ይነግሩኛል ብዬ ነው በትልቁ የጻፍኩልዎት። አንድ ወር ሙሉ ፖስታ ቤት ተመላለስኩ።»

ስድስቱን ገጾች አምጥቼ ሰጠኋት። ከግርጌው የምችለውን ያህል አስተካክዬ «10/10» ብዬበታለሁ። አየችው። አልሳቀችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ «ቢና-ዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያን ቀን ዋንጫውን ለቶማር በትክክል ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ ይናገሩ ነበር?»

«ሻይ ልቅዳልሽ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሻዩን ቀዳሁ፤ ግማሹ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። ጠጣች፣ በአክብሮት የቦሮዲን እግር ነክታ ተሰናበተች። የእኔንም ነካች፤ ለሥርዓት ያህል።

ከሄደች ወዲህ ከዚህ ደብተር ፊት አልተነሳሁም። «አዎ፣ እናገር ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ገጹን የሞላ። እንዲህ ተጽፎ ሲያዩት ደስ ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ግን ልጆች የተሳሳተ መልስ በቆንጆ ጽሕፈት ሲያመጡልኝ በቀይ ሰርዤባቸዋለሁ። ሰረዝኩት።

ፌብሩዋሪ 4

ጠዋት ደወልኩላትና «አልናገርም ነበር» አልኳት።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። ተመልሳ ትደውልልኛለች ብዬ አልጠብቅም።